ድንጋይ፣ ጭቃና እርሳስ፦ ጋማ ጨረርን የሚያቆመው ምንድን ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ብርድና ነፋስን፣ ሌባና ጅብን እንደሚከላከል ሁላችንም እናውቃለን። ጋማ ጨረርን ምን ያህል እንደሚከላከል ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስሕተት ነው።

ነገሩ የተነሣው እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ ውስጥ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው። በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ያለችው ይህች ሠፈር ከ2002 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብላ ትጠራለች። ባለፈው ወር በአንድ እሑድ፣ የአንድ ወረዳ ተወላጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ እንድገኝ ተጋብዤ ነበር። ማኅበሩ ገንዘብ አዋጥቶ በትውልድ ቀዬው ክሊኒክ እያሠራ ነው፤ ያገለገለ የራጅ መሣሪያም ተገኝቶለታል። ከቡናው በኋላ የሕንፃው ፕላን ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። የራጅ ክፍሉ ግድግዳ ባለ 20 ሣንቲ ሜትር ብሎኬት ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ክፍል ላይ ደግሞ «የሕፃናት ክትባት» የሚል ተጽፎበታል።

ክርክሩ ወዲያው ጦፈ። አንዱ ወንድማችን «በእርሳስ ካልተለበጠ አይሆንም» አለ። ሌላው «የእርሳሱ ዋጋ እኮ ከመሣሪያው ሊበልጥ ነው፤ ብሎኬቱ ምን አነሰው?» አለ። አንዲት እኅታችን ደግሞ «ጥቁር አንበሳ እናቴን ሳስታምም የጨረር ክፍሉን ግድግዳ አይቼዋለሁ፤ ምሽግ ነው የሚመስለው። የእኛ እንዴት ነው በብሎኬት የሚሆነው?» ብላ ጠየቀች። በመጨረሻ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ኢንጂነሩ፣ ምነው ዝም አልክ? ድንጋይ ጨረር ያቆማል ወይስ አያቆምም?» አሉኝ።

ሙያዬ የሕንፃ ምሕንድስና ስለሆነ፣ የሆስፒታል ግድግዳም በሥራ አጋጣሚ አስልቼ ስለማውቅ መልሱን አላጣሁትም። ነገር ግን በአንድ ትንፋሽ የሚነገር አልነበረም። ሦስቱም ተናጋሪዎች በከፊል ልክ ነበሩና። እነሆ፣ ያን ቀን በአጭሩ የተናገርኩትን አሁን ተረጋግቼ ልጻፈው።

ጋማና ራጅ፦ የአንድ ቤተሰብ ልጆች

ጋማ ጨረርን በ1900 ከራዲየም ሲወጣ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ፖል ቪላር ነው። ራጅን ደግሞ ጀርመናዊው ሮንትገን ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1895 አግኝቶት ነበር። ሁለቱም የብርሃን ዘመዶች ናቸው፤ ከፀሐይ ብርሃን የሚለዩት በኃይላቸው ነው። ልዩነታቸው ከትውልድ ቦታቸው ይጀምራል። ራጅ በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠራ ቱቦ ውስጥ ይፈጠራል፤ ማብሪያው ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ጋማ ግን ከአቶም እምብርት ይወጣል፤ ማጥፊያ የለውም።

ኃይላቸውንም በቁጥር እንየው። በዓይናችን የምናየው ብርሃን ከ2 እስከ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የተለመደው የሆስፒታል ራጅ በአብዛኛው ከ100 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው። ከሲሲየም 137 የሚወጣው ጋማ 662 ሺህ ነው። ኮባልት 60 ደግሞ ሁለት ጨረሮች ያወጣል፤ አንዱ 1.17፣ ሌላው 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ማጋመሻ ውፍረት

ብዙ ሰው ጨረር እንደ ጥይት ይመስለዋል። ጥይት ግድግዳ ውስጥ እየደከመ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ጋማ እንዲህ አይደለም። መርካቶን በገበያ ቀን በሩጫ ለማቋረጥ የተነሡ አንድ ሺህ ልጆችን አስቡ። አንዱ ገና ከመጀመሪያው ዕርምጃ ከሰው ጋር ይጋጫል፤ ሌላው ማንንም ሳይነካ ያልፋል። ማን እንደሚያልፍ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ስንቱ እንደሚያልፍ ግን መናገር ይቻላል። የመጀመሪያው መንገድ ግማሹን ካስቀረ፣ ያንኑ ያህል ሕዝብ ያለበት ሁለተኛው መንገድ የቀሩትን ግማሽ ያስቀራል። አንድ ሺህ የነበሩት 500፣ ከዚያ 250፣ ከዚያ 125 እያሉ ይቀንሳሉ።

እኛም ለእያንዳንዱ ዕቃ «ጨረሩን በግማሽ የሚቀንሰው ውፍረት ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ለዚህ ጽሑፍ «ማጋመሻ ውፍረት» ልበለው። አንድ ማጋመሻ ግማሹን ያሳልፋል፤ ሦስት ማጋመሻ ከስምንት አንዱን፤ ዐሥር ማጋመሻ ከሺህ አንዱን ገደማ፤ ሃያ ማጋመሻ ከሚሊዮን አንዱን ገደማ። ቁጥሩ መቼም ፍጹም ዜሮ አይሆንም፤ ነገር ግን ከተፈጥሮ ጨረር በታች ሊወርድ ይችላል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

በሙያው የሚሠራባቸው ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው። በስተመጨረሻ የተጻፈው፣ ያ ውፍረት በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው፤ እሱን እኔ አስልቼ ጨምሬዋለሁ።

ለኮባልት 60 ጋማ፦
ኮንክሪት 6.2 ሣ.ሜ. (146 ኪሎ)
ብረት 2.1 ሣ.ሜ. (165 ኪሎ)
እርሳስ 1.2 ሣ.ሜ. (136 ኪሎ)

ለሲሲየም 137 ጋማ፦
ኮንክሪት 4.8 ሣ.ሜ. (113 ኪሎ)
ብረት 1.6 ሣ.ሜ. (126 ኪሎ)
እርሳስ 0.65 ሣ.ሜ. (74 ኪሎ)

በ100 ኪሎ ቮልት ለሚሠራ ራጅ፦
ኮንክሪት 1.6 ሣ.ሜ. (38 ኪሎ)
እርሳስ 0.027 ሣ.ሜ. (3 ኪሎ)

አሁን በቅንፍ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ደግማችሁ ተመልከቱ። በኮባልት ጊዜ ኮንክሪትና እርሳስ በኪሎ ሲታዩ ሊለዩ ምንም አልቀራቸውም። እርሳሱ ቀጭን ነው እንጂ ቀላል አይደለም። በራጅ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሦስት ኪሎ እርሳስ የ38 ኪሎ ኮንክሪትን ሥራ ይሠራል። «እርሳስ የግድ ነው» ያለው ወንድማችን ሐሳቡን ያገኘው ከራጅ ክፍል ነው፤ እዚያ እርሳስ በእርግጥ ጀግና ነው። በኮባልት ፊት ግን እርሳስ እንደማንኛውም ከባድ ነገር ነው።

ለምን ክብደት ወሳኝ ሆነ?

ጨረር ከዕቃ ጋር የሚጋጭባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው በ1923 አሜሪካዊው አርተር ኮምፕተን የገለጸው ነው። ጨረሩ አንድን ኤሌክትሮን ገጭቶ የኃይሉን ከፊል ይሰጠውና፣ ራሱ ደክሞ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ልክ እንደ ብይ ጨዋታ። በጋማ ኃይል መጠን ድንጋይና ኮንክሪት ውስጥ የሚበዛው ይህ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ኤሌክትሮን ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ጭቃ፣ አንድ ኪሎ ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ኪሎ ኖራ፣ አንድ ኪሎ ሸክላ በውስጣቸው ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ጋማ የዕቃውን ስም አይጠይቅም፤ «ስንት ኪሎ ነህ?» ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ተራ አፈርም በብዛት ከተከመረ የእርሳስን ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ ፎቶኤሌክትሪክ ይባላል። እዚህ ጨረሩ ከነኃይሉ በአቶሙ ይዋጣል። ይህ የሚበረታው ጨረሩ ደካማ፣ አቶሙ ደግሞ ከባድ ሲሆን ነው፤ የአቶሙ ቁጥር ጥቂት ሲጨምር የመዋጥ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በድንጋይ ውስጥ የሚበዙት ኦክስጅን 8፣ ሲሊከን 14፣ ካልሲየም 20 ናቸው፤ ብረት 26 ነው። እርሳስ 82 ነው። እርሳስ ራጅን በስስ ሽፋን የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በአንዳንድ አገር የራጅ ክፍልን ባሪየም (56) ባለበት ባራይት በተባለ ማዕድን የሚለስኑትም ለዚሁ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በኮምፕተን ግጭት አቅጣጫውን የቀየረው ጨረር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከፊሉ ተንገዋልሎ በግድግዳው ማዶ ሊወጣ ይችላል። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይህንን ግምት ውስጥ ያስገቡ ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍት ያነሱ ቁጥሮች ብታገኙ ለቀጭን ጨረር የተሰሉ ስለሆኑ ነው፤ ግድግዳ ለመሥራት አይሆኑም።

የእኛ ግድግዳዎች በሚዛን ላይ

እንግዲህ የአገራችንን ግድግዳ እንመዝን። አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ግንበኞቻችን ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ባዛልት በሜትር ኩብ ከ2,800 እስከ 3,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ከተራ ኮንክሪት (2,350 ገደማ) ይበልጣል። በሌላ በኩል ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣው ፑሚስ የተባለው ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ውኃ ላይ እስከ መንሳፈፍ ይደርሳል። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው፤ በጋማ ፊት ግን አንድ ሜትር ፑሚስ ከሠላሳና ከአርባ ሣንቲ ሜትር ባዛልት አይበልጥም። ብሎኬት ከምን ጠጠር እንደተሠራ መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አሁን በሲሲየም 137 ጋማ ሦስት ግድግዳዎችን እናወዳድር።

አንደኛ፣ እዚህ ሚድ ሲቲ ያለው ቤት። የሎስ አንጀለስ ቤቶች አብዛኞቹ የእንጨት አጽም ያላቸው ናቸው፤ ከውጭ 2 ሣንቲ ሜትር ከምናምን የሲሚንቶ ልስን፣ ከውስጥ ከአንድ ሣንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የጂፕሰም ሰሌዳ አላቸው። ለመሬት መንቀጥቀጥ ቅለቱ ጥሩ ነው። በካሬ ሜትር ግን 55 ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው፤ ይህም ግማሽ ማጋመሻ ነው። ከመቶ ጨረር 70 ያህሉ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ የጭቃ ቤት። ከጭድ ጋር ተቦክቶ በደንብ የተመረገ ባለ 20 ሣንቲ ሜትር የጭቃ ግድግዳ በካሬ ሜትር 320 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ይህ ሦስት ማጋመሻ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው፤ ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ያልፋል።

ሦስተኛ፣ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ። ከነማያያዣው በካሬ ሜትር 1,250 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዐሥራ አንድ ማጋመሻ ማለት ነው። ከሁለት ሺህ አንዱ ያልፋል።

በስብሰባው ላይ ይህን ስናገር ጋሼ ሳቅ ብለው «እንግዲያው አባቴ ቤት ከዚህ ሚሊዮን ዶላር ቤት ይሻላል በለኛ» አሉ። በጋማ ረገድ አዎን፤ ሒሳቡ የሚለው እንደዚያ ነው። ይህ ስሌት የግድግዳውን ብቻ ነው፤ ጣራና መስኮት ሌላ ጉዳይ ነው። ሣርም ይሁን ቆርቆሮ ጣራ ለጋማ ከምንም አይቆጠርም።

ጥቁር አንበሳና ቃሊቲ

የእኅታችን «ምሽግ» ከየት መጣ? በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት እገዛ፣ በኮባልት 60 መሣሪያ ነው። ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። ከላይ እንዳየነው የኮባልት ጋማ ከራጅ በዐሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይበረታል፤ ምንጩም ዕጢን ለመግደል የታሰበ ስለሆነ እጅግ ኃይለኛ ነው።

ለእንዲህ ያለ ክፍል ጨረሩን በሚሊዮን እጥፍ መቀነስ ያስፈልጋል እንበል፤ ሃያ ማጋመሻ ማለት ነው። በኮንክሪት 124 ሣንቲ ሜትር ይሆናል። በእርሳስ 24 ሣንቲ ሜትር። የኮንክሪቱ ግድግዳ በካሬ ሜትር 2,900 ኪሎ፣ የእርሳሱ 2,700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በክብደት ይህን ያህል ከተቀራረቡ፣ በሲሚንቶ፣ በአሸዋና በአገር ጠጠር መሥራት የሚቻለውን በእርሳስ የሚሠራ የለም። የጨረር ሕክምና ክፍሎች በዓለም ዙሪያ በወፍራም ኮንክሪት የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በሩስ? ብዙ ጊዜ መግቢያው ጠመዝማዛ ኮሪደር ይደረጋል። ጨረሩ በየመታጠፊያው ግድግዳ ላይ እየተላተመ ስለሚደክም፣ በሩ ላይ ሲደርስ ቀጭን መከለያ ይበቃዋል።

ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ካልተቀየረ ሕመምተኛው መሣሪያው ሥር የሚቆይበት ጊዜ በእጥፍ ይረዝማል። ግድግዳው ግን አያረጅም፤ የተሠራው ለአዲሱ ምንጭ ስለሆነ ከዓመት ዓመት ጥበቃው የተትረፈረፈ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ጋማ ሌላም ሥራ ነበረው። በደቡብ ኢትዮጵያ ከብቱን በገንዲ በሽታ የሚጨርሰውን ዝንብ ለማጥፋት፣ በቃሊቲ የዝንብ ማርቢያ ማዕከል በ2007 ተመርቋል። ዘዴው ወንዶቹን ዝንቦች በጋማ አምክኖ መልቀቅ ነው፤ ሴቷ ከመከነው ጋር ስትገናኝ አትወልድም። በዚሁ መንገድ የዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ መጨረሻ ከዝንቡ ነጻ ሆናለች። ለዝንብ ማምከኛ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ታዲያ ብዙውን ጊዜ የሚከለሉት በእርሳስ ነው። ለምን ቢሉ፣ እዚህ የሚከለለው ክፍል ሳይሆን በርሜል የሚያህል ነገር ነው። እርሳስ በጋማ ዘንድ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ቦታ ሲጠብ ነው።

ድንጋይ ራሱም ጨረር ይሰጣል

እስካሁን ድንጋይን እንደ ጋሻ ነው ያየነው። ነገር ግን ድንጋይ ራሱ ትንሽ ትንሽ ጋማ ያወጣል፤ በውስጡ ፖታሲየም 40፣ ዩራኒየምና ቶሪየም ስላሉ። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2000 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከመሬትና ከሕንፃ ዕቃ የሚመጣው ጋማ በዓለም አማካይ ከቤት ውጭ በሰዓት 59 ናኖግሬይ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ 84 ናኖግሬይ ነው። ቤት ውስጥ የበለጠው ግድግዳው በዙሪያችን ስላለ ነው። የሚድ ሲቲ የእንጨት ቤት ከውጭ የሚመጣውን እምብዛም አያቆምም፤ ነገር ግን ከራሱም የሚያወጣው ጥቂት ነው።

ድንጋዮች በዚህም ይለያያሉ። ግራናይት በአብዛኛው ከባዛልት የበለጠ ያወጣል። እዚህ አሜሪካ በ2008 የወጥ ቤት ግራናይት ጨረር አለው ተብሎ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር፤ አለው፣ በአብዛኛው ግን ከተፈጥሮው ጨረር ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ስዊድን ውስጥ ከ1929 እስከ 1975 ዩራኒየም ካለበት ጥቁር የድንጋይ ዓይነት የተሠራ «ሰማያዊ ኮንክሪት» ብዙ ቤት ተሠርቶበታል፤ ኋላ በጨረሩና ከውስጡ በሚወጣው ራዶን ጋዝ ምክንያት ማምረቱ ቆመ።

እንግዲህ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሙሉ በሙሉ ከቋጥኝ የተፈለፈለ ቤት ውስጥ የቆመ ሰው የተራራው ሁሉ ጨረር ይደርሰዋል ወይ? አይደርሰውም። ከግድግዳው ፊት ከግማሽ ሜትር ወዲያ ያለው ድንጋይ የሚያወጣውን ጋማ ፊተኛው ድንጋይ ራሱ ይውጠዋል። ድንጋይ ለራሱም ጋሻ ነው።

የሚያስፈራው የተፈጥሮ ድንጋይ ሳይሆን የሰው ቸልተኝነት ነው። በ1983 መጨረሻ በሜክሲኮ ሲዩዳድ ኹዋሬዝ አንድ ያገለገለ የኮባልት ሕክምና መሣሪያ በቁራጭ ብረትነት ተሸጠ። ምንጩ ከብረቱ ጋር ቀልጦ የግንባታ ፌሮ ሆነ። ነገሩ የታወቀው በጥር 1984 ፌሮ የጫነ መኪና በኒው ሜክሲኮ ሎስ አላሞስ የምርምር ማዕከል አጠገብ ሲያልፍ የጨረር መቆጣጠሪያው ስለጮኸ ነው። በሜክሲኮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መፍረስ ነበረባቸው። ያገለገለ የሕክምና ዕቃ ወደ አገር ቤት ለምንልክ ሁሉ ትምህርት ነው፤ የራጅ መሣሪያ ሲጣል በውስጡ የጨረር ምንጭ የለም፣ የኮባልት መሣሪያ ግን አለው።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀውንም እዚህ ልመልስ፦ ጋማ ወይም ራጅ ያረፈበት ግድግዳ ራሱ ጨረር አውጪ ይሆናል ወይ? በኮባልት፣ በሲሲየምና በሕክምና ራጅ ኃይል መጠን አይሆንም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ ላይ ብርሃን እንደማይቀር ሁሉ ነው።

ወደ ክሊኒኩ እንመለስ

ባለ 20 ብሎኬት ከውጭ ሲታይ 20 ሣንቲ ሜትር ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ጨረር በባዶው በኩል ሲያልፍ የሚያገኘው ሁለት ስስ ገጾች ብቻ ነው፤ በድምሩ 6 ሣንቲ ሜትር ያህል። ይህ በካሬ ሜትር 120 ኪሎ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሲለሰን 200 ኪሎ ይሆናል። በ100 ኪሎ ቮልት ራጅ ይህ አምስት ማጋመሻ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከአርባ አንዱ ያህል ያልፋል። ከማዶው ሕፃን የታቀፉ እናቶች ተራ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ራጅ ይህ አይበቃም። ሁለተኛው ወንድማችን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ያው ብሎኬት ቀዳዳው በኮንክሪት ቢሞላና ቢለሰን ግን በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዐሥራ ሦስት ማጋመሻ ማለት ነው፤ ከስምንት ሺህ አንዱ ያልፋል። በራጅ ክፍል የተለመደው 2 ሚሊ ሜትር እርሳስ የሚያሳልፈው ከ170 አንዱን ገደማ ነው። ስለዚህ የተሞላ ብሎኬት እርሳሱን ያስንቃል። ይኸው ግድግዳ በኮባልት ፊት ቢቆም ግን ከዐሥራ አንድ አንዱን ያሳልፍ ነበር። የእኅታችን ምሽግ ለኮባልት ትክክል ነው፤ ለእኛ ክሊኒክ አያስፈልግም።

ስብሰባው ሲያበቃ አገር ቤት ሌሊት ነበር። እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ጋሼ ፎርማኑ ጋ ደወሉና ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። የክፍሉ ብሎኬት ገና ሦስት ረድፍ ነበር የተደረደረው። «አንዱን ብሎኬት መዝንልኝ ወንድሜ» አልኩት። በእህል ሚዛን መዝኖ «ዐሥራ አራት ኪሎ» አለኝ፤ ደህና ብሎኬት ነው። «ታዲያ ቀዳዳውን እንሙላው ነው የምትሉኝ? ሲሚንቶ ይጨምራል እኮ» አለ። ከማዶው የክትባት ክፍሉ እንዳለ ስነግረው ግን ጥቂት ዝም ብሎ «የእኔም ልጅ እዚያው ነው የምትከተበው፤ ዛሬውኑ እንጀምራለን» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ላላችሁ ማኅበራት የነገርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ፦

1. የራጅ ክፍሉን በሕንፃው ጥግ አድርጉት። ዋናው ጨረር የሚያነጣጥረው ሰው ወደማይቆምበት የውጭ ግድግዳ ይሁን።

2. ብሎኬቱን ሳትሞሉ ከሁለት ረድፍ በላይ አትውጡ። ከላይ ብቻ የተሞላ ብሎኬት ታች ባዶ ሊቀር ይችላል፤ ባዶ መቅረቱም ከተለሰነ በኋላ አይታይም። ሙሌቱ ቢያንስ እስከ 2.1 ሜትር ከፍታ ይድረስ።

3. የቋሚ መገናኛዎችን ክፍተት በደንብ ድፈኑ። ለማብሪያና ለቧንቧ የተፈነቀለ ቦታ የግድግዳው ደካማ ጎን ነው።

4. እርሳስ የምትገዙ ከሆነ ለበሩና ለባለሙያው መመልከቻ መስኮት ግዙ። ቦታው ያ ነው።

5. ርቀትን አትናቁ። ከምንጩ በእጥፍ ስትርቁ ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። የመጠበቂያ ወንበሮችን ከግድግዳው ማራቅ ምንም ወጪ የለውም።

6. ይህ ጽሑፍ የባለሙያን ስሌት አይተካም። ክፍሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአገሪቱ የጨረር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድና በመሣሪያ የተደረገ ልኬት ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚጭነው ባለሙያ «ደህና ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ፤ በግድግዳው ማዶ ይለካ።

ባለፈው ሳምንት ፎርማኑ ፎቶ ልኮልን ነበር። ግድግዳው ገና አልተለሰነም፤ የላይኛው ረድፍ ብሎኬቶች ቀዳዳዎቻቸው እስከ አፋቸው በኮንክሪት ተሞልተዋል። ጋሼ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ከተለሰነ በኋላ ይኼን ማንም አያየውም አይደል?» አሉኝ። አዎን፣ ማንም አያየውም።